የተቆጠረው ዱአ

ከወረዳው ምክር ቤት የወጣሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝና «እስቲ አያ ይመር፣ ሁለት ቃል ይበሉን» አሉኝ። አላልኩም። የከፋኝ መስሏቸው ነበር። አልከፋኝም። ሰው ፊት ቆሜ መናገር የለመድኩት ካረጀሁ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት የኖርኩት ከተናጋሪው ኋላ ተቀምጬ ነው። የኋላ ሰው ደግሞ የሚናገረው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ይኸው አለቀ። አሁን ልናገር።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ስጽፍ እዘገያለሁ፤ የትኛው «ሀ» የት እንደሚገባ ዛሬም አላውቅም። ያነበበ ሰው ይለፈኝ። ካላለፈኝም ይተወው፣ እኔ መጻፌን አልተውም።

አሁን የምኖረው መካነ ሰላም፣ ከልጄ ቤት ነው። የሠራሁበት ወረዳ ግን ሌላ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ሰዎቹ በሕይወት አሉ፣ ሲጠሩ የሚከፋቸውም አይጠፉም። ደጋ ነው። ገብስ የሚበቅልበት፣ ከአፋፉ ላይ ቆሞ በረሃውን ቁልቁል የሚያዩበት አገር ነው ብል ይበቃል።

በወረቀት ላይ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ተላላኪ ነበርኩ። ደመወዙም የተላላኪ ነበር፤ እሱን እዚህ ላይ ልተወው። እውነተኛው ሥራዬ ሌላ ነው። አስተዳዳሪው ገጠር ሲወርድ አብሬ እወርዳለሁ፤ ስብሰባው ሲያልቅ መኪና ውስጥ «ይመር፣ እንዴት አየኸው?» ይለኛል። ያየሁትን እነግረዋለሁ። በማግስቱ ጽሕፈት ቤት የሚወሰነው ነገር ብዙ ጊዜ ከዚያች ጥያቄ ይነሣል። «አማካሪ» የሚል ቃል በስሜ ላይ ተጽፎ አያውቅም። አስተዳዳሪዎች ሲነሡና ሲተኩ እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። ወንበር የሌለውን ሰው ከወንበር የሚያነሣው የለም።

ይህን ሥራ ያወረሱኝ አያ ሙሄ ናቸው።

አያ ሙሄ በወረቀት ዘበኛ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ በረባሶ የሚጫሙ ሽማግሌ። ስብሰባ ላይ ከሹሙ አጠገብ ተቀምጠው አያውቁም። ከሕዝቡ ኋላ፣ መንገዱ ዳር ነው የሚቀመጡት። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ከፊት ሆነህ የምታየው ፊት ነው» አሉኝ። «ፊትማ ለሹም ተብሎ ታጥቦ ይመጣል። እኔ ዱላ ነው የማየው።»

«የምን ዱላ?»

«የያዙትን ዱላ ነዋ። ነገሩ የገባው ሰው ዱላውን መሬት ያስተኛዋል። ያልገባው ጉልበቱ ላይ ያጋድመዋል። ልቡ የሄደበት ደግሞ ተደግፎት ይቀመጣል፤ ሊነሣ ነው። አንተ የምታየው ምንድነው?»

«አፋቸውን።»

«አፍማ እሺ ይላል። እሺ እንግዳ መሸኛ ነው፣ ይመር። ወሎዬ እንግዳውን በእንቢታ አይሸኝም። የተስማማ ሰው ይጠይቅሃል፤ መቼ ነው? ማን ነው? የኔ በሬስ? ይልሃል። ጥያቄ የሌለው እሺ ከሰማህ ሹምህን ይዘህ ውጣ።»

ሹሙን የሚያወጡበትም መላ ነበራቸው። አስተዳዳሪው ሊሳሳት ሲል፣ ሊቆጣ ሲል፣ ወይም የማይመለስ ቃል ከአፉ ሊወጣ ሲል አያ ሙሄ ጎንበስ ብለው ይጠጉትና «ጌታው፣ ጫማዬ ጠበበኝ» ይሉታል። አስተዳዳሪው «ኑ እስቲ እንየው» ብሎ ተያይዘው ከዛፍ ጀርባ ይሄዳሉ። በረባሶ እንዴት ይጠባል? ጣት ሁሉ ውጭ ነው። ግን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ከዛፉ ጀርባ ሲመለሱ አስተዳዳሪው ሌላ ሰው ሆኖ ይመለሳል።

አንዴ ሁለት ቀበሌ በግጦሽ ተጣልቶ፣ አስተዳዳሪው ወሰኑን በቃሉ ሊናገር ተነሣ። የአያ ሙሄ ጫማ ጠበበ። ከዛፉ ጀርባ ሲመለስ «ወሰኑን ዛሬ አልናገርም፤ በቅድሚያ እናንተ ተነጋገሩ» ብሎ ተቀመጠ። ሰዎቹ ተያዩ። ደም ሊቃቡ የመጡ ሰዎች ሰንብተው ራሳቸው ያሰመሩትን ወሰን ይዘው ከተማ ወጡ፤ እኔ በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። አያ ሙሄ ግን በረባሷቸውን እያራገፉ «በሰላም መጣችሁ?» ብቻ አሏቸው።

ሲሞቱ ቄሱም ሸሁም ቀብራቸው ላይ ነበሩ። ከዚህ ወረዳ ያለፉ አስተዳዳሪዎችም ከያሉበት መጡ። ከድንኳኑ ሥር ሲያወሩ ሰማኋቸው። እያንዳንዱ አያ ሙሄ የሚመክሩት እሱን ብቻ ይመስለው ነበር። ሌላው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ያንኑ ሲያወራ ሰምቶ ሁሉም እርስ በርስ ተያየ።

እንግዲህ ወደ ክፉው ቀን ልምጣ።

እኔ በአያ ሙሄ ቦታ ከተቀመጥኩ ከብዙ ጊዜ በኋላ አቶ ጌታቸው የሚባል አዲስ አስተዳዳሪ ተሾመልን። ደግ ሰው ነበር፤ ይህን ሳልናገር ሌላውን መናገር አልወድም። የወረዳችን ከተማ ልጅ ነው። ከተማው ውሃ ጠምቶት ነበር። ሴቶች ቦኖው ላይ ጀሪካን ደርድረው ይውላሉ፤ የወለደች ሴት ጤና ጣቢያ ተኝታ ዘመዶቿ ውሃ ፍለጋ ይዞራሉ። የአቶ ጌታቸው እናት በእንስራ ብዛት ወገባቸው ጎብጦ ነው የሞቱት። ሰውየው ሲሾም አንድ ነገር ማለ፤ ከተማውን ውሃ ሊያጠጣ።

ውሃ ያለው ከከተማው ሽቅብ፣ ወይራ ውሃ ከሚባል ቀበሌ ነው። ከአለት ሥር የሚወጣ ምንጭ ነው፤ ከብታቸው ይጠጣበታል፣ ድንቻቸው ይለማበታል። አቶ ጌታቸው ያንን ምንጭ በቧንቧ ወደ ከተማ ሊያወርድ አሰበ። ሕዝቡን ለማስፈቀድ ወጣን።

ከወይራው ሥር ተሰበሰቡ። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ላይ፣ እንደ አገሩ ወግ። አቶ ጌታቸው ጥሩ ተናገረ፤ የእናቱን እንስራ ሳይቀር አነሣ። ሕዝቡ «እሺ፣ እሺ» አለ። እኔ ከኋላ ሆኜ ዱላ አያለሁ። አንድም ዱላ መሬት አልተኛም። አንድም ሰው አልጠየቀም። ሹልክ ብዬ ወደ ፊት ሄድኩና ጎንበስ አልኩ።

«ጌታው፣ ጫማዬ ጠበበኝ።»

አቶ ጌታቸው እግሬን አየ። የተጫማሁት በረባሶ ነው።

«ታዲያ አውልቀዋ፣ አያ ይመር» አለኝ፣ ጮክ ብሎ።

ሕዝቡ ሳቀ። እሱም ሳቀ። አዲስ ነው፤ የጫማውን ቋንቋ ገና አላስተማርኩትም ነበር።

ከዚያ «እንግዲህ ምን ትላላችሁ?» አላቸው። የቀበሌው ትልቅ ሰው ሸህ እንድሪስ ናቸው። ቁርአን ሲያስቀሩ፣ ተማሪ ሲያስነብቡ ዓይናቸው የደከመ፣ ክርስቲያኑም ሲጨንቀው ደጃቸውን የሚረግጥ ሽማግሌ። እሳቸው «ከሁሉ በፊት ዱአ እናድርግ» አሉ። እኛ ዘንድ ከበድ ያለ ነገር ሲመጣ ዱአ ይቀድማል፤ ሰው ልቡን የሚሰበስበው፣ ነገሩን የሚያላምጠው በዚያ ጊዜ ነው። ውሳኔው ከዚያ በኋላ ነው። ሸሁ «አላህ አገሩን አማን ያድርግልን» ሲሉ የሁሉም እጅ ተዘረጋ። መዳፍ ሁሉ ወደ ሰማይ። አሚን፣ አሚን።

በዚያችው ቅጽበት አቶ ጌታቸው «የምትደግፉ እጃችሁን» አለ። ጸሐፊው አቶ በላይ እስክሪብቶውን ይዞ ተነሣና ቆጠረ።

«በሙሉ ድምፅ» አለ።

አውቆ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይደለም እላለሁ፤ ዛሬም እከራከራለሁ። ለዱአ የተነሣ መዳፍ ወደ ላይ ነው የሚያየው፣ ለድምፅ የተነሣ ወደ ፊት ነው፤ ይህን ልጅም ይለያል። ግን ሰው የሚያየው የቸገረውን ነው። እሱ በዚያን ሰዓት የሚያየው የእናቱን እንስራ ነበር።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «እንዴት አየኸው?» አላለኝም። ሳይጠይቀኝ ነገርኩት። «ያ ዱአ ነው እንጂ ድምፅ አይደለም» አልኩት።

«አያ ይመር፣ ተቆጥሯል እኮ» አለኝ። ደስ ብሎት ነበር። ደስ ያለውን ሰው መምከር አልችልበትም፤ አያ ሙሄ ይችሉበት ነበር።

ቧንቧው ተዘረጋ። ከተማው ጠጣ፤ እኔም ጠጣሁ፣ ውሃው ጣፋጭ ነበር። በጋ ሲገባ ወይራ ውሃ ላይ ምንጩ ቀጠነ፤ ከብቱ ውሃ ፍለጋ ገደሉን መውረድ ጀመረ። የቀበሌው ሰው ግን ስለ ከብቱ አልከሰሰም። ገበያ ላይ እመት ጦይባን አገኘኋቸው። ልጅ ለታመመበት፣ ምጥ ለጠናባት ዱአ የሚያደርጉ ዱበርቲ ናቸው፤ ምላሳቸው ደግሞ ከምርቃታቸው አያንስም።

«ውሃውንስ ጠጡት፣ ይጣፍጣችሁ» አሉኝ። «ዱአችንን ለምን ቆጠራችሁት? እኛ አላህን ስንለምን እናንተ እኛን ቆጠራችሁን።»



ከዚያ ወዲህ ወይራ ውሃ ላይ አንድ ነገር ቀረ። የመንግሥት ሰው ባለበት ማንም እጁን አይዘረጋም። ዱአው ይደረጋል፣ አሚኑም ይባላል፤ እጅ ግን ከጋቢ ሥር ነው። ክትባት ይዘን ብንሄድም ያው ነው፣ ማዳበሪያ ይዘን ብንሄድም ያው ነው። ይባስ ብሎ የሸህ እንድሪስ ወንድም የሞቱ ጊዜ ለቅሶ ልደርስ ብቻዬን ሄድኩ። በሩን አልፌ ስገባ የተዘረጉት እጆች አንድ በአንድ ተሸሸጉ። እኔን ብለው ነው። ቀና ብሎ ያየኝ የለም፣ የተቆጣኝም የለም። አብረን ያደግን ሰዎች ነን። ከዚያ ቀን በኋላ አስተዳዳሪ መጣ ሄደ ለኔ ምንም አልነበረም፤ የሥራ ዘመኔ ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ፤ እነዚያ እጆች ከጋቢው ይወጡ ይሆን?

አቶ ጌታቸው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። የምክር ቤት ምርጫ ሲደርስ የወይራ ውሃ ሰዎች ደጃፌ ላይ ቆሙ። ሸህ እንድሪስ በዱላቸው፣ እመት ጦይባ ከኋላቸው። ክስ የመጣብኝ መስሎኝ ነበር።

«ይመር፣ ምክር ቤት ትገባልናለህ» አሉኝ ሸሁ።

«እኔ? አፌ ሳይተባተብ ደብዳቤ አላነብም።»

«አንብብ አልንህ?» አሉ እመት ጦይባ። «ተቀመጥ ነው ያልንህ። ከኋላ ሳይሆን ከፊት።»

«ሌላ ሰው ጠፋ?»

«ያን ቀን» አሉ እመት ጦይባ፣ «ጫማው የጠበበው አንተን ነው። ሌላ ማንም አልጠበበውም።»

«ምኑን አወቃችሁት?»

ሸሁ ሳቁ። «ሙሄ ከሹሙ ጋር ከዛፍ ጀርባ ሲመላለስ የኖረው በረባሶ ጠብቦት ነው ብለን እንድናምን ነበር የምትፈልጉት?»

ያን ዕለት ያደረብኝን መገረም እስካሁን አልጨረስኩትም። እኛ ከኋላ ተቀምጠን ሕዝቡን እናነባለን ስንል ሕዝቡ እኛን ሲያነበን ኖሯል። አውቆ ስቆልናል፣ አውቆ ትቶልናል። የዕድሜዬ ምስጢር የአገር ሁሉ ጨዋታ ነበር።

ገባሁ እንግዲህ፣ ምክር ቤት።

አዳራሹ የጭቃ ቤት ነው፣ ወንበሩም የትምህርት ቤት ወንበር ነው። ግን እኔን አስፈራኝ። እዚያ ቤት የተባለ ቃል ተመልሶ አይዋጥም። አንድ ቀን ድምፅ ሲሰጥ አንዱ አባል አልደግፍም አልቃወምም አለና «ድምፀ ተአቅቦ» ተባለ። አጠገቤ ያለውን ጠየቅኩት። «ዝም ማለት ነው፤ ይቆጠራል» አለኝ። የኔ ዘመን ሁሉ ዝም ማለት ነበር፤ የሚቆጥረው አገኘ ብዬ አሰብኩ።

አፈ ጉባኤዋ ወይዘሮ ዘሃራ ነበረች፣ ቀድሞ አስተማሪ። አንድ ቀን አጀንዳው መጣ፤ ሁለተኛ ቧንቧ፣ ከዚያው ከወይራ ውሃ። ከተማው አድጓል፣ የፊተኛው አልበቃም። የከተማው ተወካዮች ስለ ሴቶቻቸው ጀሪካን ተናገሩ፤ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር። «ሕዝቡ ቀድሞ በሙሉ ድምፅ የፈቀደው ምንጭ ነው» ተባለ። ወደ ድምፅ ሊኬድ ሆነ። ተነሣሁ። ሌላ ቃል ስላልመጣልኝ የማውቀውን አልኩ።

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ ጫማዬ ጠበበኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዘሃራ አልሳቀችም። ትንሽ አየችኝና «ምክር ቤቱ ለዕረፍት ይወጣል» አለች።

ውጭ፣ ከግንቡ ጥግ፣ የቆጠራውን ነገር ሁሉ ነገርኳት። ከዱላው እስከ መዳፉ። ሰምታኝ ስታበቃ እንደ ቀድሞዎቹ ሹሞች ነገሩን ይዛ ትገባለች ብዬ ጠበቅኩ።

«አያ ይመር፣ ይህን ገብተው እርስዎ ይናገሩታል» አለችኝ።

«ለአንቺ ነገርኩሽ እኮ።»

«ለእኔ ከነገሩኝ ሹክሹክታ ነው። እኔ ነገ እነሣለሁ፣ ሹክሹክታውም አብሮኝ ይሄዳል። ለቤቱ ሲነግሩት ግን ይቀመጣል።»

አያ ሙሄ ያላስተማሩኝን እሷ አስተማረችኝ። ገባሁና ቆምኩ። ወንበሩን ያዝኩ። «ያ በሙሉ ድምፅ የተባለው ድምፅ አይደለም፣ ዱአ ነው» አልኩ። «እዚያው ነበርኩ፣ መዳፋቸውን አይቻለሁ። ከተማው ውሃ ይጠማዋል፤ እኔም እጠማለሁ። ግን ሰዎቹ ተጠይቀው አያውቁም። እንጠይቃቸው።» ሌላ አልተናገርኩም። አንዱ የከተማ ተወካይ «እንቢ ቢሉስ?» አለኝ። «እንቢ ይበሉዋ» አልኩት። «እንቢ ሲሉ ሰምተናቸው እናውቃለን?»

ቤቱ ተከራክሮ ተከራክሮ፣ ይጠየቁ አለ። እጅ ይነሣ ወይ የሚለው ሲመጣ ዘሃራ «እዚያ ቀበሌ እጅ አንጠይቅም» አለች። «በእግር ይሁን።»

ወይራ ውሃ ደግመን ወጣን። ጸሐፊው ያው አቶ በላይ ነው፤ ራሱ ሸብቷል። ሰዉ ከወይራው ሥር ተቀመጠ፣ እጁን ጋቢው ሥር አድርጎ። ዘሃራ አጭር ተናገረች። «የፈቀደ እዚሁ ወይራው ሥር ይቆይ። ያልፈቀደ ወደ ምንጩ ይሂድ። ማንም ማንንም አይይ።»

ከዚያ እመት ጦይባ ተነሡ። ሸህ እንድሪስ በዱላቸው ተከተሉ። ከዚያ ሁሉም። ከብት የሌለው እንኳ ሄደ። ከወይራው ሥር የቀረን ከከተማ የመጣነው ብቻ ነን፤ ከፊታችን ያ ሁሉ ሰው ምንጩን ከብቦ ቆሟል። የከተማው ተወካይ ፊት አመድ መሰለ። ዕድሜዬን ሙሉ «እሺ» ስሰማ ኖሬ እንቢ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ቀን ነው። ጩኸት የለውም። ሰው ቆሞ ያይሃል፣ በቃ።

ዘሃራ ቦርሳዋን ዘጋች። «ሰምተናል። ቧንቧው አይመጣም። አላህ ይስጥልን» አለችና ተነሣች።

«ቆዪ ልጄ» አሉ ሸህ እንድሪስ ከምንጩ ዳር። «ይህ ውሃ እንግዲህ የማነው?»

«የእናንተ።»

«የፊተኛውም?»

ዘሃራ ወደኛ ዞራ አየች። ያ ተወካይ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ እኔም ነቀነቅኩ። «እሱም» አለች።

«እንዲያ ከሆነ ተቀመጪ። የእኛ ከሆነ እንግዳ ከደጃችን ተጠምቶ አይመለስም።»

እዚያው ከምንጩ ዳር ተነጋገሩ። አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ይስቃል፤ እኛ ከሩቅ እናያለን። ኋላ እመት ጦይባ መጡ።

«ከብት ሌሊት ይጠጣል?» አሉ ዘሃራን።

«አይጠጣም።»

«ድንችስ ሌሊት ይጠጣል?»

«አይ።»

«እንግዲያው የሌሊቱን ውሰዱ። ቀን ቀን ሁለቱም ቧንቧ ይዘጋ፣ ሌሊት ይከፈት። መክፈቻው ከኛው ዘንድ ይሁን። የከተማ ሴት ጠዋት ተነሥታ ውሃዋን ታግኝ፤ እኛም እናቶች ነን።»

አብሮን የወጣው የውሃ ባለሙያ የከተማው ማጠራቀሚያ ሌሊቱን እንደሚሞላ ተናገረ። ሰዉ «መቼ ነው የሚጀመረው? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? የኔ ማሳ ሲቆፈርስ?» እያለ ጠየቀ። ዞር ብዬ ዱላዎቹን አየሁ። ሣሩ ላይ ተኝተዋል።

ከዚያ ሸህ እንድሪስ ወደ ወይራው ተመልሰው ተቀመጡ። «ዱአ» አሉ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ ማየት ፈራሁ። የጋቢ መንኮሻኮሽ ሰማሁ። ቀና ስል የሸሁ እጅ ወጥቷል። ከዚያ የእመት ጦይባ። ከዚያ የሁሉም፣ መዳፍ ሁሉ ወደ ሰማይ፣ እኛ እያለን፣ እኔ እያለሁ።

አቶ በላይ ቃለ ጉባኤውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እስክሪብቶውን እንደያዘ ሰዉን ያያል። እመት ጦይባ እጃቸውን ሳያጥፉ ዞር አሉለት።

«ልጄ፣ ይኸ አይቆጠርም» አሉት።

እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ከዚያ እሱም መዳፉን ዘረጋ።